ምሰሶው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሲያትል ነው። በሐምሌ 30 ጫማ የሆነች አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ገዛሁ። ምሰሶዋ የላዩን ወለል አልፎ ታች ሆዷ ላይ ነው የቆመው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሥሩ ውሃ ይጠራቀማል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ቀዳዳው ጋ ይንቋቋል። ዙሪያውን በሲልከን ብደፍነው ይበቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይበቃም። ምሰሶው ሲወዛወዝ ሲልከኑ ይቀደዳል። ምሰሶ የሚይዘው በምሰሶውና በቀዳዳው ጠርዝ መሃል የሚመታው ሽብልቅ ነው፤ ውሃ የሚከለክለው ከላይ ዙሪያውን የሚጠመጠመው ላስቲክ።

የሚንቋቋው ሽብልቁ ላልቶ ይመስለኛል። ጠንካራ የጎማ ሽብልቅ ግዛ። ምሰሶውን የወጠሩትን ሽቦዎች ትንሽ አላላ፣ ምሰሶውን ቀዳዳው መሃል አድርገው። መጀመሪያ ከፊትና ከኋላ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ እያፈራረቅህ ምታ። የድሮው ሽብልቅ እንጨት ከሆነ ግን ከሥሩ ያለውን የምሰሶውን አልሙኒየም በደንብ እየው። እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ካለበት፣ የራሰው እንጨትና ጨው እየበሉት ነው። በጥፍርህ ፈቅፍቀው። ጎድጎድ ካለብህ ሽብልቅ ሳትመታ ባለሙያ ይየው።

ላስቲክ ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቅ። እኔ አንድ ዓመት ከኅዳር እስከ መጋቢት ላስቲክ ስቀያይር ከረምኩ። ውሃው ለካ ከላይ፣ ገመዶቹ በሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ገብቶ በምሰሶው ሆድ ነበር የሚወርደው። ይህን ማንም ላስቲክ አያቆመውም፤ ምሰሶው ግርጌ ያለችው ማፍሰሻ ቀዳዳ እንዳትደፈን መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ቀን ሥሩን አድርቅ። አንድ ሰው ታች ባትሪ ይዞ ይቀመጥ። አንተ ወለሉ ላይ ብቻ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ለ10 ደቂቃ ውሃ ልቀቅ። ታች ካልረጠበ ጥፋቱ ከላይ ነው።

ከረጠበ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ይበቃሃል። ምሰሶው ስለቆመ በቁመቱ ቅደደው፣ ጠምጥመህ ጫፎቹን ደራርበህ አጣብቅ። መጀመሪያ ወደ ላይ እንደቆመ የታችኛውን ጫፍ ምሰሶው ላይ በብረት ማሰሪያ እሰር። ከዚያ እንደ ካልሲ ወደ ታች ቀልብሰህ ቀዳዳው ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ በሌላ ማሰሪያ አጥብቀው። የመጀመሪያው ማሰሪያ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃውም ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሸራው የሚወጣበት ቦይ ላስቲኩ ሥር የሚያልፍ ከሆነ፣ ሲልከንህን እዚያች ቦይ ውስጥ ጠቅጥቀው። በመጨረሻ ላስቲኩን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በሸራ ጨርቅ ሸፍነው።