ኪ-67 እምቢ ሲል

ጥያቄው እዚሁ ጅማ ካለች የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። የጡት ዕጢ ናሙና ላይ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎችን ለመቁጠር፣ እነሱ ውስጥ የሚገኘውን ኪ-67 የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ትጠቀማለች። ስላይዶቹን ሲትሬት ባፈር በሚባል ፈሳሽ፣ ፒኤች 6.0፣ በተራ ድስት 20 ደቂቃ ታፈላለች። ሄማቶክሲሊኑ ሰማያዊውን አሳምሮ ይዟል። አንቲቦዲው የያዘበትን ቦታ የሚያሳየው የዲኤቢ ቡናማ ቀለም ግን የለም፤ ለማመሳከሪያ የገባው ቶንሲል እንኳ ገርጥቷል። ጠርዙ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ መስመር አለ።

እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው አንቲቦዲውን ሳይሆን ድስቱን ነው።

ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስራቸዋል። አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ እዚያ እስር ውስጥ ይደበቃል። እስሩን የሚያላላው ሙቀት ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን የቱንም ያህል ብትጨምሪ ክፍት ድስት ከዚያ አያልፍም፤ ባፈሩ ይተናል እንጂ። ደጋ ላይ ባቄላ ሲቀቅል ያመሸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳምንታት ከከረመ ደግሞ ይብሳል።

ፕሬዠር ኩከር ፈልጊ። ባፈሩ ቀድሞ ይፍላ፣ ስላይዶቹን ክተቺ፣ ክደኚ። ሙሉ ግፊት ከያዘ በኋላ 3 ደቂቃ። ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። እሳቱን አጥፊ፤ ግፊቱ በራሱ ሲወርድ ክፈቺውና 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ያ ድስት ከእንግዲህ ለወጥ አይመለስም።

ዲኤቢ ስትነኪ ጓንት አድርጊ። ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነገር ነው።

አንድ ሰው አንቲቦዲውን ከ1፡100 ወደ 1፡20 እንድታወፍሪ መክሮሽ እንደነበር ጽፈሻል። ይሄ አናዶኛል። በስንት ልመና የመጣ ጠብታ ባከነ፤ የተረፈሽ በየቦታው የተቀባ ቆሻሻ ቡናማ ጀርባ ብቻ ነው። የጠርዙ መስመር ደግሞ ቲሹው እየደረቀብሽ መሆኑን ይነግረኛል። እርጥብ ጨርቅ ያለበት ክዳናም ሣጥን ውስጥ አስተኚው። ርካሹን ተራ ስላይድም ተይው፤ ይህን ሙቀት አይችልም፣ ቲሹው ተልጦ ይዋኛል። ቲሹ እንዲጣበቅበት ቻርጅ ያለውን ግዢ።

የአንቲቦዲው ጠርሙስ ላይ ለፓራፊን፣ ማለትም በሰም ለተቀበረ ናሙና፣ እንደሚሆን እዪ። የ1983ቱ የመጀመሪያው የኪ-67 አንቲቦዲ በፓራፊን ናሙና ላይ አይሠራም ነበር፤ ኋላ የመጣው ኤምአይቢ-1 የተባለው አንቲቦዲ ከሆነ ግን አትስጊ።

የቶንሲሉ ጀርሚናል ሴንተር፣ ሴሎች በብዛት የሚከፋፈሉበት ቦታ፣ በቡናማ ኒውክሊየስ ግጥም ብሎ ሳታዪ ዕጢውን አትቁጠሪ። የተረፈውን ዲኤቢ ለብቻው ዕቃ አጠራቅሚ፤ ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊው። ጓንቱንም ዕቃውን ከድነሽ ሳትጨርሺ አታውልቂ።