ኤልሳቤጥ ወይስ ኤልዛቤት? የአንዲት «ጥ» ነገር

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጃችን በልደት ወረቀቷ ላይ የተመዘገበችው በእንግሊዝኛው አጻጻፍ፣ ኤልዛቤት ተብላ ነው። እናቴ ግን ለክርስትናዋ በላከችው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ለኤልሳቤጥ» ብላ ጻፈች። ባለቤቴ «ኤልዛቤት ነው የሚባለው፣ ትርጉሙም የአምላክ ቤት ማለት ነው» ይላል። ማን ነው ልክ? «ጥ»ስ ከየት መጣች?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። እዚህ ላይ ላበቃ እችል ነበር፤ «ጥ»ዋን ስላነሡብኝ ግን አልለቅዎትም። በስም መሟገትም ለዚህ ስም እንግዳ ነገር አይደለም። የዘካርያስ ሚስት ኤልሳቤጥ፣ ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠራ ሲል፣ «አይሆንም፣ ዮሐንስ ይባል» ብላ የተሟገተች ሴት ናት።

መጀመሪያ «ቤት»ን እንጣላት። ስሙ በዕብራይስጥ «ኤሊሼባዕ» ነው፤ የአሮን ሚስት የተጠራችበት (ዘፀ. 6፥23)። «ኤሊ» አምላኬ ማለት ሲሆን ቀሪው ከ«ሸ-በ-ዐ» ሥር የወጣ ነው። ይህ ሥር በዕብራይስጥ «ሰባት»ንም «መማል»ንም ይወልዳል። አብርሃምና አቢሜሌክ ሰባት ቄቦች በጎች አቁመው የተማማሉበት የውኃ ጉድጓድ ቤርሳቤህ የተባለው በዚሁ ሥር ነው። እኛም በግእዙ «ሰብዐቱ»፣ በአማርኛው «ሰባት» ብለን ይዘነዋል። እንግዲህ በልጅዎ ስም ውስጥ ሰባት አለ፤ ቤት የለም። «አምላኬ መሐላዬ ነው» የሚሉ አሉ፤ ሰባት የምልአት ቁጥር ነውና «አምላኬ ምልአት ነው» የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መሐላው አደላለሁ፤ ማስረጃው ስለሚበልጥ ሳይሆን ደስ ስለሚለኝ።

ታዲያ በ«ዐ» ያለቀው ስም መጨረሻው ላይ «ት» ከየት አገኘ? የይሁዳን ሕፃን ንጉሥ ኢዮአስን የደበቀችውን ልዕልት ይመልከቱ። ዕብራይስጡ በመጽሐፈ ነገሥት «ዮሼባ» ይላታል፤ በዜና መዋዕል ያቺኑ ሴት «ዮሻብዓት» ይላታል። ከንጉሥ ንግሥት እንደምናወጣባት ያለች የአንስታይ «ት» መሆኗ ነው። ኤሊሼባዕም ወደ ግሪክ ስትሻገር በዚሁ መንገድ ሳታገኛት አልቀረችም።

የሉቃስ ግሪክኛ ስሟን የሚዘጋው «ታው» በሚባለው ፊደል ነው። የእኛ ሊቃውንት ከግሪክ ሲመልሱ ታውን በ«ጥ»፣ ሌላውን የግሪክ ፊደል ቴታን በ«ት» መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ጢሞቴዎስን ያስተውሉ፤ የመጀመሪያው ፊደል ታው ስለሆነ «ጢ»፣ ሦስተኛው ቴታ ስለሆነ «ቴ» ሆነ። ጴጥሮስም ጢባርዮስም በዚሁ ሕግ የተጻፉ ናቸው። «ጥ የድሮ ጸሐፊዎች ስሕተት ናት፤ ግሪክ እንደ «ጥ» ያለ ፈንጂ ድምፅ የለውም» የሚለኝ ወገን አለ። የለውም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ታው ያለ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ ስለነበር ለጆሯቸው ከ«ት» ይልቅ «ጥ» ቀርቧቸዋል። ስሕተት እንዲህ ሥርዓት ይዞ አይሄድም። በግሪክ በታው እየጀመረ በእኛ በ«ት» የተጻፈውን ቲቶን አንሥቶ የሚሞግተኝም አይጠፋም። ቲቶ አፈንግጧል፤ ይሁንለት።

እንግሊዞች ስሙን በላቲን በኩል ተቀብለው «ሰ»ን ወደ «ዘ» አዞሩት። ከ1558 እስከ 1603 (እ.ኤ.አ.) የነገሠችው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በአገሯ እጅግ አስወደደችው። እናንተ ባላችሁበት አሜሪካም የሕፃናት ስም ቆጠራ ከሚጀምርበት ከ1880 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከመጀመሪያዎቹ 30 የሴት ስሞች ወጥቶ አያውቅም፤ በዚያ ዓመት ከሜሪ፣ ከአናና ከኤማ ቀጥሎ 4ኛ ነበር። ሊዝ፣ ቤስ፣ ቤት፣ ሊቢ፣ ኤልሲ ሁሉ የእሱ ቁራጮች ናቸው። ኢዛቤልም በሩቁ እኅቱ ናት።

ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትጎበኝ በእኛ ሰፈር ሰዎች አፍ «ንግሥት ኤልሳቤጥ» ነበረች። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን ስትሞት ግን ከየሬዲዮው የሰማሁት በአብዛኛው «ንግሥት ኤልዛቤት» ነው። ጆሮዬን ያመኛል። ሰው በአገሩ እንደሚጠራ ይጠራ የሚሉትን «እንግዲያው ዮሐንስ ጳውሎስን ጆን ፖል በሏቸው» እያልሁ ስሞግት ኖሬአለሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ «የንግሥቲቱን አባት ንጉሥ ጊዮርጊስ ይሏቸዋል ወይ?» አለኝ። ጆርጅ ነው የምላቸው። መልስ አጣሁ። ስለዚህ ለእንግሊዟ ንግሥት «ኤልዛቤት» መግባቱን፣ ሳልወድ፣ ተቀብያለሁ።

ለልጅዎ ግን አልቀበልም። እሷ በአማርኛ የምትጠራ አያት አላት። ደግሞ «ት» የባለቤትዎን «ቤት» የምትጠራው እሷው ናት፤ በ«ጥ» የተጻፈ ስም «የአምላክ ቤት» ተብሎ አይፈታም። የእንግሊዝኛውን ወረቀት አይንኩት፤ በፊደላችን ሲጽፉ ኤልሳቤጥ ይበሉ። ማቆላመጫው የእናንተ ነው። ኤልሲ ብትሏት ደስ ይለኛል። ቤቲም በእንግሊዝ ትክክለኛ የኤልሳቤጥ ልጅ ናት፤ ብቻ አዲስ አበባ የመጣች ዕለት «ቤተልሔም ነሽ?» የሚላት እንደማይጠፋ ከወዲሁ ይንገሯት።