ተረት አትበሉት

ለልጆች መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዷ እዚህ ሜልበርን ረቂቋን ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ተወልዶ አውስትራሊያ ያደገ የአሥር ዓመት ልጅ ኡሉሩ ጫፍ ላይ ይወጣና ትንሽ ቀይ ድንጋይ በኪሱ ይዞ ይመለሳል። አጻጻፏ ለዛ አለው፤ ልጁንም ወደድሁት። ድንጋዩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ኡሉሩ በአውስትራሊያ መሃል ከሜዳው 348 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ባለቤቶቹ የአካባቢው ነባር ሕዝብ አናንጉዎች ናቸው፤ መሬቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1985 በሕግ ተመልሶላቸዋል። የመውጫው መንገድ ማላ ከሚባሉት ቀደምቶቻቸው ጉዞ ጋር የተያያዘ ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ «እባካችሁ አትውጡ» እያሉ ጎብኚውን ለዓመታት ለመኑ። መውጣት የተከለከለው በ2019፣ በዚያው በኦክቶበር 26 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ከሠላሳ በላይ ሰዎች በመውጣት ላይ ሳሉ ሞተዋል። አናንጉዎች ለእነዚያ እንግዶች ያዝናሉ፤ በምድራቸው ላይ ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነት ይሰማቸዋልና። ይህን ሐዘን የያዘ የልጆች ታሪክ ባነብ ምንኛ ደስ ባለኝ!

በረቂቁ ውስጥ ቹኩርፓ፣ ማለትም አናንጉዎች የሚኖሩበት ሕግ፣ «የአቦርጂናሎች (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ተረት» ተብሏል። ይህን ቃል ሰርዙልኝ። በእኛ ዘንድ ተረት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ያልቃል። ቹኩርፓ አያልቅም። ምድሩ እንዴት እንደተሠራ የሚናገር፣ ሰው ከዘመዱና ከመሬቱ ጋር እንዴት መኖር እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ ነው። ከፊሉን ወንዶች ብቻ፣ ከፊሉን ሴቶች ብቻ ያውቁታል፤ በኡሉሩ ዙሪያ ፎቶግራፍ እንዳይነሡ የተጠየቀባቸው ስፍራዎች ያሉትም ለዚህ ነው። ደራሲ ሁሉን ማወቅ አለበት ብለው ያስተማሯችሁ ካሉ፣ እዚህ ላይ አትስሟቸው።

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ታዋቂ የብሪታንያ ምግብ አብሳይ የጻፈው የልጆች ልብወለድ ከገበያ ተሰብስቧል። ከቀረቡበት ወቀሳዎች አንዱ፣ በመሃል አውስትራሊያ ባለችው በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ የምትኖረውን የአቦርጂናል ልጅ የሩቅ ሕዝብ ቋንቋ በሆነው በጋሚላራይ ቃላት ማናገሩ ነው። ነባሮቹን ሕዝቦች ማማከር ታስቦ በአርትዖት ስህተት መቅረቱን አሳታሚው አምኗል። እኔም በወጣትነቴ የአንድ ሕዝብን ታሪክ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወስጄ፣ ማንንም ሳልጠይቅ በአማርኛ ለልጆች አሳትሜአለሁ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የቦታውን ባለቤቶች ጠይቁ፤ ለጊዜያቸውም ክፈሉ። እምቢ ካሉ ገጹን ተዉት። መልስ ከዘገየ ጠብቁ።

ለልጅቷ አንድ ነገር ነገርኋት፦ ከኡሉሩ ድንጋይ የወሰዱ ጎብኚዎች ተጸጽተው፣ ይቅርታ ጽፈው፣ ወደ ፓርኩ በፖስታ ይመልሳሉ። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ትናንት ደወለች። ልጁ አሁን ከተራራው እግር ሥር ነው የሚቀረው፤ ድንጋዩንም ከቤቱ ሆኖ እያሸገ ነው። በደብዳቤው ላይ ምን እንደሚጽፍ ገና አልወሰነችም።