መልስ፦ መብራት ሲጠፋ ከዜሮ የማይጀምር ነፃ ቶረንት የቱ ነው?

ወንድሜ መብራት በጠፋ ቁጥር ዳውንሎዱ ከዜሮ እየጀመረ አስመርሮኛል፣ ነፃ የሆነ ቶረንት ማውረጃ ፕሮግራም የቱ ይሻላል ነው ያልከው አይደል፣ እኔ ሳላቅማማ ኪውቢትቶረንት እልሃለሁ፣ ክፍያ የለው ማስታወቂያ የለው ኮዱም ክፍት ነው። ዩቶረንትን በማስታወቂያው ተማርሬ ከተውኩት ቆየሁ።

ቶረንት ፋይሉን ቁርጥራጭ አርጎ ከብዙ ሰው ነው የሚለቃቅመው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲገባ ትክክል መሆኑን ቼክ ያረጋል፣ ስለዚህ ቢቋረጥም የገባው ገባ ነው። ባለፈው እዚሁ ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) እያወረድኩ 83 ፐርሰንት ላይ መብራት ድርግም አለ (የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል)፣ ማታ ሲመጣ ስከፍተው ትንሽ ቼክ ሲያረግ ቆየና ከ82 ቀጠለ፣ በቃ። እምቢ ካለህ ራይት ክሊክ አርገህ ፎርስ ሪቼክ (የገባውን እንደገና ቼክ አርግ ማለት ነው) በለው።

ግን ልብ በል፣ ማውረድ ብቻ ሳይሆን ካንተም ወደ ሌላው ይልካል፣ በሞባይል ዳታ ከሆንክ ፓኬጅህን ጥርግ ነው የሚያረገው፣ ኦፕሽን ውስጥ ስፒድ የሚለው ጋ ገብተህ አፕሎዱን ቀንሰው፣ ዜሮ ካረከው ደግሞ ገደብ የለውም ማለት ነው እንዳትሸወድ! አይፒህም (የኢንተርኔት አድራሻህ) ለሌሎቹ ይታያል።

ፋይሉ ዶርም ጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ ካለ ግን ቶረንት ምን ያረግልሃል፣ ሁለታችሁም ሎካልሴንድ የሚባለውን ፋይል መላላኪያ አፕ ጫኑና አንድ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ተላላኩ፣ ኢንተርኔት እንኳ አይፈልግም።