ደማችሁ ደህና ነው፤ አጥንታችሁስ?

ልጆች፣ እኔ ደሴ ውስጥ መድኃኒት ሳድል ያረጀሁ ሰው ነኝ። ድሮ ወጣት ወደኛ የሚመጣው ራሱን ሲያመው ነበር። አሁን የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ነው። «ካልሲየሜ ኖርማል ነው፤ ታዲያ አጥንቴን ምን ነካው?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ጓደኛው ስለዋጠ ብቻ ቫይታሚን ዲ ስጡኝ ይላል። ለሁለቱም የምለውን እዚህ ልጻፈው።

ከሰውነታችሁ ካልሲየም 99 ከመቶው ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ የሚዞረው ኢምንት ነው። ግን ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ደም የሚረጋው በዚያች ኢምንት ነው። ስለዚህ ሰውነት በእሷ ቀልድ አያውቅም። በዴሲሊትር (በመቶ ሚሊሊትር) ደም ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ገደማ እንድትሆን ሌት ተቀን ይጠብቃታል።

ጠባቂዎቹ አንገት ላይ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የተለጠፉ አራት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የሩዝ ፍሬ ቢያክሉ ነው። ካልሲየም ትንሽ ዝቅ ሲል ሆርሞን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ኩላሊት ካልሲየሙን በሽንት እንዳያባክን ያደርጋል። ቫይታሚን ዲንም ወደሚሠራበት መልክ ያስቀይረዋል። ከአጥንትም ያስቀዳል። አጥንት የሰውነት ጎታ ነው፤ ከላይ ባትሞሉትም ከታች መቀዳቱ አይቀርም።

ከላይ የሚሞላው ደግሞ በቫይታሚን ዲ እርዳታ ነው። እሱ ከሌለ አንጀት ከበላችሁት ካልሲየም ከ10 እስከ 15 ከመቶ ብቻ ነው የሚወስደው። ጤፉም እርጎውም አብዛኛው ዝም ብሎ ያልፋል። ደሙ ግን «ኖርማል» ይላል፣ ጎታው እየጎደለ። የቫይታሚን ዲን ክምችት የሚያሳየው ምርመራ ሌላ ነው፤ 25 ሃይድሮክሲ ይባላል። እጥረቱ ሲከፋ በሕፃን ላይ ሪኬትስ ይሆናል፤ እግር ይንሻፈፋል፣ እርግብግቢት ቶሎ አይገጥምም። በአዋቂ ላይ አጥንት ይለሰልሳል፣ ደረጃ ሲወጡ ጭን ይዝላል። ወገቡን ያመመው ሁሉ ቫይታሚን ጎድሎት ነው ማለቴ ግን አይደለም። አብዛኛው ሌላ ምክንያት አለው።

ፀሐይ ያለበት አገር ይህ ለምን ይመጣል? ኮምቦልቻ ያለው ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ይፈልጋል። ደሴ ያለው ብርዱን ፈርቶ ይከናነባል። ቫይታሚኑን ቆዳ ላይ የሚሠራው ግን ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍታ ላይ ይበረታል። የጦሳ ተራራ ንፋስ እየገረፋችሁም ቢሆን ፀሐይ ካገኛችሁ ይሠራል። በመስኮት መስታወት ማዶ ተቀምጦ መሞቅ ግን ለዚህ ጥቅም የለውም። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ጨረሩ በቂ ነው፤ ክንድና እግር ለጥቂት ጊዜ ገልጦ መቀመጥ ነው እንጂ መቃጠል አያስፈልግም። ተሸፍና የምትለብስ እህቴ ግቢዋ ውስጥ ይህን ማድረግ ትችላለች። ጡት ለሚጠባ ሕፃን ግን የእናት ወተት ብዙ ቫይታሚን ዲ የለውም፤ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ስለመስጠት የጤና ባለሙያ አማክሩ።

አሁን ወደ ክኒኑ። 50,000 ዩኒት የሚለው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ነው የሚታዘዘው። በየቀኑ የሚውጠው ሰው ሞልቷል! ሲበዛ የደም ካልሲየም ከልክ በላይ ከፍ ይላል፤ ውሃ ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብሎም የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። ኩላሊቱን የታመመ ሰው የሚሰጠው ዓይነት ራሱ ሊለይ ስለሚችል በራሱ አይጀምር። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድም ይንገረን፤ መድኃኒቱ ቫይታሚን ዲን ቶሎ ያስጨርሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን ካርቶን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። አብሽሩ፣ ለማየት አናስከፍልም።