ፕላስቲክና የመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የ7 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ማርገዜን ያወቅሁት በቅርቡ ሲሆን እስካሁን ምሳዬን በፕላስቲክ ዕቃ ቋጥሬ መሥሪያ ቤት በዚያው በማይክሮዌቭ አሞቅ፣ ትኩስ ሻይም በፕላስቲክ ኩባያ እጠጣ ነበር። ከፕላስቲክ የሚወጣ ኬሚካል ሆርሞን ያዛባል ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ጽንሱን ጎድቼው ይሆን? አሁንስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ቅድሚያ ማወቅ ያለብዎት እነዚህ ኬሚካሎች በሰውነት ውስጥ ብዙ እንደማይቆዩ ነው። በብዛት የተጠኑት ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበት ቢስፌኖል ኤ እና ፕላስቲክን የሚያለሰልሰው ፍታሌት ናቸው። ሁለቱም እንደ እርሳስ ወይም እንደ ዲዲቲ ለዓመታት አይከማቹም፤ አብዛኛው በአንድ ቀን ገደማ በሽንት ይወጣል። በየሰው ሽንት ውስጥ የሚገኙት በየቀኑ እንደገና ስለምንወስዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ 5 ቤተሰቦች (20 ሰዎች) ለ3 ቀናት የታሸገና በፕላስቲክ የተያዘ ምግብ ትተው ትኩስ የተዘጋጀ ሲመገቡ፣ በሽንታቸው የተለካው ቢስፌኖል ኤ በአማካይ በ66 በመቶ ቀንሷል፤ ዋነኛው የፍታሌት ዓይነትም ከግማሽ በላይ ወርዷል። ዛሬ ያቆሙት ነገር ለውጡ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይታያል ማለት ነው።

ያለፈውን በተመለከተ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ምግብ ማሞቅዎ ብቻውን ጽንሱ ተጎድቷል የሚያሰኝ ምክንያት አይደለም። የተጨማሪ ምርመራ ወይም እርግዝናውን የመጠራጠር ምክንያትም አይሆንም። ጥናቶቹ የሚያሳዩት በብዙ ሰዎች መካከል የሚታይ አነስተኛ የአማካይ ልዩነት ነው፤ ስለ አንዲት እናትና ስለ አንድ ጽንስ ለመፍረድ አያስችሉም።

ታዲያ ለምን እንጠንቀቅ? የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ የእርስዎ ጽንስ ከተፈጠረ ገና 5 ሳምንት ገደማ ነው። ልብ፣ አንጎል፣ እጅና እግር የሚቀረጹት አሁን ነው። የጽንሱ ታይሮይድ ዕጢ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ የራሱን ሆርሞን ስለማያመርት የአንጎሉ እድገት የሚመራው በእናትየው ሆርሞን ነው። ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ የወንድ ጽንስ የመራቢያ አካላት በቴስቶስትሮን (በወንድ ሆርሞን) አማካይነት ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ሆርሞን እጅግ በጥቂቱ የሚሠራ ነገር ነውና እሱን መስሎ የሚገባ ወይም ምርቱን የሚቀንስ ኬሚካል በጥቂቱም ሊያሳስብ ይችላል። ቢስፌኖል ኤ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ይመስላል። አንዳንድ ፍታሌቶች በእንስሳት ሙከራ የወንድ ጽንስን ቴስቶስትሮን ይቀንሳሉ። በሰዎችም፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከፍ ያለ ፍታሌት በሽንታቸው የተገኘባቸው እናቶች የወለዷቸው ወንዶች ልጆች በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለው ርቀታቸው በጥቂቱ አጥሮ ታይቷል። ይህ ርቀት በማሕፀን ውስጥ የቴስቶስትሮን ሥራ መለኪያ ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ቢስፌኖል ኤ እንደ ኤስትሮጅን እንደሚሠራ የታወቀው ፕላስቲክ ማምረቻ ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ይህን ያሳዩት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቻርልስ ዶድስ በ1938 ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለውን ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን አስተዋወቁ። መድኃኒቱ ጽንስ እንዳይጨናገፍ ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጥ ቆይቶ በማሕፀን ሳሉ በተጋለጡ ሴቶች ልጆች ላይ ብርቅ የሆነ ካንሰር በመታየቱ በ1971 አሜሪካ ውስጥ ለነፍሰ ጡር እንዳይታዘዝ ተደረገ። የመድኃኒቱ መጠን ከፕላስቲክ ከሚወጣው እጅግ የሚበልጥ ቢሆንም፣ በእርግዝና መጀመሪያ የገባ ኤስትሮጅን መዘዙ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ እንደሚችል ያስተማረን እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኬሚካል ከፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚያወጡት ሙቀት፣ ቅባት፣ አሲድ፣ የቆይታ ጊዜና የዕቃው እርጅና ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሙከራ፣ የፈላ ውሃ ሲገባባቸው ፖሊካርቦኔት ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ጠርሙሶች ቢስፌኖል ኤ የሚለቁበት ፍጥነት ከ15 እስከ 55 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ትኩስ ነገርን ከፕላስቲክ ያርቁ። ምሳዎን በፕላስቲክ ዕቃ መያዝ ግድ ከሆነ ቀዝቅዞ ይግባ፤ ሊያሞቁት ሲሉ ወደ ሸክላ ሳህን ወይም ወደ መስተዋት ዕቃ ይገልብጡት። «ለማይክሮዌቭ ይሆናል» የሚለው ጽሑፍ በዋናነት ዕቃው አይቀልጥም፣ አይጣመምም ለማለት ነው፤ ምንም አይለቅም ማለት አይደለም። የወረቀት ኩባያም ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ለትኩስ መጠጥ መፍትሔ አይሆንም። የውሃ ማፍያዎ ውስጡ የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ምግቡ ይቀዝቅዝ ብለው ለረጅም ሰዓት ውጭ ይተዉታል። በእርግዝና ወቅት ከተበላሸ ምግብ የሚመጣው ኢንፌክሽን ከፕላስቲኩ የባሰና የፈጠነ አደጋ ነው። ሰፋ ባለ የብረት ዕቃ ላይ በስሱ ያሰራጩትና በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅባት ነው። ፍታሌት በዘይትና በስብ በቀላሉ ይሟሟል፤ ለስላሳ ፒቪሲ (ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ) ውስጥ ደግሞ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ሳይሆን እንዲሁ ተቀላቅሎ ነው ያለው። ዘይትን፣ ቅቤንና አይብን በመስተዋት ዕቃ ያስቀምጡ፤ የሚለጠጥ የመጠቅለያ ፕላስቲክ ምግቡን አይንካ። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብን፣ በተለይ ቲማቲም ያለበትን፣ ይቀንሱ፤ የቆርቆሮው ውስጥ ለረጅም ዓመታት ብዙ ጊዜ ይቀባ የነበረው ከቢስፌኖል ኤ በተሠራ ሽፋን ነው። አቧራም ፍታሌት ይይዛልና ቤቱን ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ከመብላት በፊትም እጅን በሳሙና መታጠብ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ «ከቢስፌኖል ኤ ነጻ» የሚል ዕቃ ብገዛ በቂ ነው? ከሥሩ ያለው ቁጥርስ ምን ይነግረኛል?

መልስ፦ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አንዱ ኬሚካል ብቻ ነው። በምትኩ የሚገቡት ቢስፌኖል ኤስ እና ቢስፌኖል ኤፍ በላቦራቶሪ ሙከራ ተመሳሳይ የሆርሞን ባሕርይ አሳይተዋል። ስለ ፍታሌትም ምንም አይነግርዎትም።

ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ይለያል። 3 ፒቪሲ፣ 6 ፖሊስታይሪን ነው፤ ሁለቱንም ለምግብ ባይጠቀሙ ይሻላል። 7 «ሌላ» ማለት ሲሆን ፖሊካርቦኔት እዚህ ውስጥ ይገባል፤ መስተዋት የሚመስለው ጠንካራና ጥርት ያለው ፕላስቲክ እሱ ነው። 2፣ 4 እና 5 ለቀዝቃዛና ለደረቅ ምግብ የተሻሉ ናቸው። 1 የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ወይም በሞቀ መኪና ውስጥ አይተዉት፣ ደጋግመውም አይሙሉት። የተጫረ፣ የደበዘዘ፣ የምግብ ቀለም የያዘ ዕቃ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ይወገድ።

የመመዘኛው ጥብቅነት ምን ያህል እንደተለወጠ ለማየት ያህል፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን ሊወሰድ ይችላል የሚለውን የቢስፌኖል ኤ ጣሪያ በ2023 ከቀድሞው በ20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎ በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.2 ናኖግራም አድርጎታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ9ኛው ሳምንት ጽንስ ጨነገፈባት። ሲጨነግፍባት ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ከፕላስቲክ ይሆን? እኔስ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለደረሰባችሁ ኀዘን ከልብ እናዝናለን። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚጨናገፉት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው የክሮሞሶም (የዘር መረጃ የሚሸከመው የሕዋስ ክፍል) ጉድለት ነው። ቢስፌኖል ኤ ከዚህ ጋር ስሙ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ሀንት ላቦራቶሪ፣ የአይጥ ማኖሪያ ፖሊካርቦኔት ሣጥኖች በኃይለኛ ማጽጃ ታጥበው ተጎድተው ነበር፤ ወዲያው የክሮሞሶም አሰላለፋቸው የተዛባ እንቁላሎች በድንገት በዙ። በሴቶች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶችም ቢስፌኖል ኤ ከፍ ባለበት ጽንስ መጨናገፍ በዝቶ አግኝተዋል። ሁለቱ አብረው መታየታቸው ግን አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለት አይበቃም። ባለቤትዎ በበላችበት ወይም በጠጣችበት ዕቃ ራሷን እንዳትወቅስ ያግዟት።

ሁለት ጊዜ ከደረሰ ምርመራ ይገባችኋል። የታይሮይድና የስኳር ምርመራ፣ ደም የሚያረጋ አንቲቦዲ፣ የማሕፀን ቅርጽ፣ እንደ ሁኔታውም የሁለታችሁ ክሮሞሶም ይታያል። ከእነዚህ በርካታዎቹ ሕክምና አላቸው፤ ፕላስቲክን ብቻ ተጠያቂ አድርጎ መቀመጥ ይህን ዕድል ያሳልፋል። እርስዎን በተመለከተ፣ የወንድ ዘር ለመብሰል 2 ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ለማርገዝ ከመሞከራችሁ 3 ወር በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ጥንቃቄውን ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ባለቤትዎም ከዚያው ጊዜ ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ፤ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ካዘዘላት እሱን ትከተል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ አርግዣለሁ። ደረሰኝ ቀኑን ሙሉ እይዛለሁ። ሽንቴን ላስመርምር?

መልስ፦ ምርመራው አይጠቅምዎትም። መጠኑ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፤ ሐኪም ተንተርሶ የሚያክምበት ወሰንም የለውም። ደረሰኙ ግን ያሳስባል። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ላይ ያለው ቢስፌኖል ያልታሰረ ስለሆነ ጣት ላይ ይቀራል። በአልኮል ጄል ወይም በቅባት የራሰ እጅ ደግሞ ብዙ እጥፍ ያስገባል። ስለዚህ ደረሰኝ ከመያዝዎ በፊት ጄልና የእጅ ቅባት አይጠቀሙ፣ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ያድርጉ፣ ከመብላትዎ በፊት በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። የቪኒል ጓንት አይሁን፤ እሱ ራሱ ፒቪሲ ነው።