ለወጣት ድረ ገጽ ሠሪዎች፦ ስለ ፎቶ ክብደት

በሐዋሳ ድረ ገጽ መሥራት ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ልመክራችሁ የምፈልገው ስለ ፎቶ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ ድረ ገጾች ላይ የተመልካቹን ዳታ ከጽሑፉ ይልቅ የሚበላው ፎቶው ሆኖ ሳለ፣ እኛ የምናስብበት ግን ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ስሠራ፣ የጀምበር መጥለቂያውን ፎቶ ከካሜራው እንደ ወጣ፣ በ4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) መጠኑ የፊት ገጹ ላይ አስቀመጥሁት። በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ እጅግ ያምር ነበር። በሳምንቱ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚሸጥበት አጠገብ፣ አንዲት ወጣት በስልኳ እንድትከፍትልኝ ለመንኋት። ሰማዩ ቁራጭ በቁራጭ ወደ ታች ሲወርድ፣ ማንበብ የጀመረችውን ጽሑፍ ፎቶው ገፍቶ ሲያርቅባት፣ የክፍል መያዣውን ቁልፍ ልትነካ ስትል ጣቷ ሌላ ቦታ ሲያርፍ አየሁ። «ጋሼ፣ ይኼ ፓኬጄን ይበላብኛል» ብላ ዘጋችው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ይከነክነኛል።

ስሌቱን ተመልከቱ። የስልኩ ስክሪን 360 የሲኤስኤስ ፒክስል (የገጹ አቀማመጥ የሚለካበት አሃድ) ስፋት ኖሮት እፍጋቱ እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም በእያንዳንዱ አሃድ ወርድ ሁለት የስክሪን ነጥቦች ቢኖሩት፣ የሚያስፈልገው ፎቶ 720 ፒክስል ስፋት ያለው ነው። 800 በ600 የሆነ ቅጂ 480 ሺህ ፒክስል ሲይዝ፣ የእኔው ግን 12 ሚሊዮን፣ ማለትም 25 እጥፍ ይዞ ነበር። ፋይሉን መጭመቅ ብቻውን አያድንም፤ ስልኩ ፎቶውን ሲፈታው ለእያንዳንዱ ፒክስል አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ስለሚይዝ፣ ለዚያ አንድ ፎቶ ብቻ 48 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይሄዳል።

ስለዚህ የ480፣ የ800፣ የ1200 እና የ1600 ፒክስል ስፋት ያላቸውን ቅጂዎች አዘጋጅታችሁ በኤስአርሲሴት (srcset፣ በፎቶው ኮድ ውስጥ ቅጂዎቹ የሚዘረዘሩበት ቦታ) ዘርዝሩ፤ ለስክሪኑ የሚስማማውን ብራውዘሩ ራሱ ይመርጣል። ብዙዎቻችሁ ስትሳሳቱ የማየው ሳይዝስን (sizes፣ ፎቶው በገጹ ላይ የሚይዘውን ስፋት ለብራውዘሩ የሚነግረውን) በመተው ነው። ብራውዘሩ ቅጂውን የሚመርጠው የገጹ አቀማመጥ ገና ሳይታወቅ በመሆኑ፣ ፎቶው ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ካልነገራችሁት የስክሪኑን ሙሉ ስፋት ይይዛል ብሎ ይገምታል፤ ሦስት ፎቶዎች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ገጽ ላይም ለእያንዳንዳቸው ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ የሚሰፋ ቅጂ ሊያወርድ ይችላል።

ያችን ልጅ ያስቸገራት የጽሑፍ መዝለል የሚቀረው፣ የፎቶውን ስፋትና ቁመት በኤችቲኤምኤሉ (በገጹ ኮድ) ላይ በመጻፍ ነው፤ ብራውዘሩ ቦታውን አስቀድሞ ይይዝለታል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ የተባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ከተለመደው ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ በክብደት ስለሚያንስ እርሱን አስቀድሙ፤ ለቆዩ ብራውዘሮች ጄፔጉን በመጠባበቂያነት አኑሩ። ከታች ያሉትን ፎቶዎች አንባቢው ሊደርስባቸው ሲል ብቻ እንዲጫኑ ሌዚ (loading="lazy"፣ ዘግይቶ የሚጫን) አድርጓቸው፤ ገጹ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየውን ትልቁን ፎቶ ግን ፈጽሞ ሌዚ አታድርጉት፣ መጀመሪያ መድረስ ያለበትን ታዘገዩታላችሁና።

የማረፊያውን ገጽ እንደገና ስሠራው ለስልክ የሚላከው ቅጂ ከ100 ኪሎባይት በታች ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ሥራ ለደንበኛ ከማስረከቤ በፊት፣ የቢሮውን ዋይፋይ ትቼ ወደ ሐይቁ ዳር እወርድና በሞባይል ዳታ፣ በርካሽ ስልክ ከፍቼ አየዋለሁ።